የተበዳይ ዕድሜ በምን ይረጋገጣል? በሕፃናት ላይ በሚፈጸሙ ወንጀሎች ስለ ዕድሜ ማስረጃ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ዳኞች፣ ዐቃቤያነ ሕግ፣ መርማሪዎችና ጠበቆች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በክስ ማመልከቻ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሐረግ አያልፍም። «ዕድሜዋ 15 ዓመት በሆናት የግል ተበዳይ ላይ» ይባልና ወደ ድርጊቱ ዝርዝር ይታለፋል። ፖሊስ የድርጊቱን ቦታና ሰዓት፣ የምስክሮቹን ቃል፣ የአካል ምርመራውን ውጤት በጥንቃቄ አሰባስቦ ሲያበቃ፣ ዕድሜን በሚመለከት ግን መዝገቡ ውስጥ ያለው የእናትየው አንድ ዓረፍተ ነገር ወይም ክሱ ሊከፈት ሲል ከሆስፒታል የመጣች አንዲት ወረቀት ብቻ ሆና ትገኛለች። ሙግቱ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያች ወረቀት ላይ ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ አጭር ነው፤ የተበዳይ ዕድሜ እንደ ድርጊቱ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊመረመር የሚገባው ፍሬ ነገር ነው፤ ጠብ ሳይነሣ በፊት የተጻፈ ሰነድም፣ ከጠቡ በኋላ ከሚሰጥ የሕክምና ግምት ይበልጣል።

በመጀመሪያ ዕድሜ በሕጋችን ውስጥ ያለውን ክብደት እንይ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሁለት ወሰኖችን አስምሯል፤ 13 ዓመትና 18 ዓመት። አንቀጽ 626 ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን የግብረ ሥጋ ድፍረት በደል ሲመለከት፣ በንዑስ ቁጥር አንድ የተመለከተው ቅጣት ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አንቀጽ 627 ደግሞ 13 ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት የሚመለከት ሲሆን፣ መነሻው ቅጣት ከ13 እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ ልጅቷ ድርጊቱ በተፈጸመባት ዕለት 13 ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ቀርቷት ነበር ወይስ ሞልቷት አንድ ወር አልፏት ነበር የሚለው ጥያቄ፣ የቅጣቱን ዝቅተኛ መነሻ ከ13 ዓመት ወደ 3 ዓመት የሚያወርድ ጥያቄ ነው። በ18ቱ ወሰን ላይ ያለው ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የከበደ ነው። አንቀጽ 626 ኃይል መጠቀምን ወይም ማስፈራራትን እንደ ወንጀሉ ማቋቋሚያ አይጠይቅም፤ ድርጊቱን ወንጀል የሚያደርገው የልጅቷ ዕድሜ ራሱ ነው። ኃይል ወይም ማስገደድ በሌለበት ጉዳይ ዕድሜዋ ከ18 በታች መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ የሚቀረው በሁለት አዋቂዎች መካከል በፈቃድ የተፈጸመ ግንኙነት ይሆንና ተከሳሹ በነፃ ይሰናበታል። ኃይል በነበረበት ጉዳይ ግን አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው አንቀጽ 620 አለ፤ በዚህኛውም ቢሆን ዕድሜዋ ከ13 በላይና ከ18 በታች መሆኑ ሲረጋገጥ የቅጣቱ ጣሪያ ከ15 ወደ 20 ዓመት ከፍ ይላል። ያለዕድሜ ጋብቻን በሚቀጣው አንቀጽ 648 ሥርም እንዲሁ ቅጣቱ የሚከፈለው በዚያው በ13 ዓመት ወሰን ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ፣ ማለትም የሕጉ ክልከላ፣ ድርጊቱና የአድራጊው ሐሳብ፣ ተሟልተው ሲገኙ እንደሆነ ይደነግጋል። ዕድሜም ከእነዚህ ፍሬ ነገሮች አንዱ ከሆነ፣ የማስረዳቱ ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ለተከሳሹ የሰጠው ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብትም ዕድሜን ነጥሎ አልተወም። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያዎችን የሚያደናግር አንድ ነጥብ አለ። ተከሳሹ ራሱ ሕፃን ነኝ ባለ ጊዜ፣ የዕድሜ ምርመራ ውጤት «ከ14 እስከ 16» ብሎ ከመጣ፣ ጥርጣሬው ለልጁ ተይዞ ዝቅተኛው ዕድሜ ይወሰድለታል። ይህ ልማድ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያንኑ ልማድ ሳንመረምር ወደ ተበዳይ ስናዞረው፣ ሕፃን ተበዳይን ለመጠበቅ ብለን ተከሳሽን በጥርጣሬ መቅጣት ይሆናል። በአንድ በኩል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፤ በሌላ በኩል ጥርጣሬ ለተከሳሽ ይጠቅማል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው ጥርጣሬውን ለአንደኛው ወገን በማደላደል አይደለም። ጥርጣሬው እንዳይፈጠር ማስረጃውን በጊዜው በመሰብሰብ ነው፤ የሕፃኑ ደኅንነት የሚጠበቀው ከፍርዱ ይልቅ በምርመራው ላይ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ማስረጃዎቹ እንግባ። የመጀመሪያውና የተሻለው የልደት ምዝገባ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ይደነግጋል፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ በተግባር የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ምዝገባው ሊጀመር በተቃረበበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ለሥራችን ያለው ትርጉም ግልጽ ነው። ዛሬ በየችሎቱ የምናያቸው በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ተበዳዮች አብዛኞቹ የተወለዱት ምዝገባው ሳይጀመር በፊት ነው። ስለዚህ የልደት የምስክር ወረቀት ይዘው ቢመጡ እንኳ ወረቀቱ በአብዛኛው ከዓመታት በኋላ፣ በወላጅ ቃል ወይም በሌላ ሰነድ ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ ነው።

የምስክር ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ ዐይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው የልደት ቀኑ ላይ ነው። እኔ የምመክረው የተመዘገበበትንና የተሰጠበትን ቀን አስቀድማችሁ እንድታነቡ ነው። ልጅቷ በተወለደች በሁለተኛው ወር የተመዘገበ ልደት ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ በዚያን ጊዜ ማንም ስለ ክስ አያስብም። ድርጊቱ ከተፈጸመ ሦስት ሳምንት በኋላ የተመዘገበ ልደት ግን፣ ማኅተሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ በመሠረቱ የወላጅ የምስክርነት ቃል ነው፤ ልዩነቱ መስቀለኛ ጥያቄ ሳይቀርብበት ወረቀት ላይ መስፈሩ ነው። የወረቀቱን የሕዝብ ሰነድነት ብቻ ተመልክቶ የልደት ቀኑን እንደ ተረጋገጠ መውሰድ፣ መዝጋቢው ራሱ ያላየውን ነገር አይቷል እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ ሲቀርብ የምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ለምዝገባው መሠረት ያደረገውን ማስረጃ እንዲልክ መጠየቅ ይገባል። የቀበሌና የፋይዳ መታወቂያም በዚሁ ሚዛን ይታያሉ፤ ባለመታወቂያው የተናገረውን የልደት ቀን የያዘ ሰነድ፣ ቀኑን ከዚያ ንግግር በላይ አያስረዳም።

ምዝገባው ከሌለ ምን እንፈልግ? እንደ እኔ እምነት በምርመራ ሥራችን ውስጥ ከሁሉም በላይ የተዘነጋው የጤና ጣቢያ መዝገብ ነው። እናት በጤና ተቋም ከወለደች በማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ ላይ ቀኑ አለ፤ በቤቷ ወልዳም ልጇን ካስከተበች የክትባት ካርድ አለ፤ ካርዱ ቢጠፋ እንኳ በጤና ጣቢያው መዝገብ ሊገኝ ይችላል። ክትባት የሚሰጠው በሳምንታትና በወራት ተቆጥሮ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች የተሰጡባቸው ቀናት የልደት ቀኑን በራሳቸው መንገድ ይመሰክራሉ፤ አንድ ሰው የልደት ቀኑን ሰርዞ ሌላ ቢጽፍ እንኳ የክትባቶቹ ቀናት ያጋልጡታል። የክርስትና የምስክር ወረቀትም ዋጋ አለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስለምትነሣ፣ በጊዜው የተጻፈ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ካለ የልደቱን ጊዜ አጥብቦ ያሳያል። ችግሩ ብዙዎቹ የምስክር ወረቀቶች ኋላ ላይ ተጠይቀው የሚጻፉ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱን ትቶ መዝገቡን ማየት ይገባል።

የትምህርት ቤት ማስረጃን በሚመለከት ትንሽ ልቆይ፤ በየመዝገቡ በብዛት የሚቀርበው እሱ ነውና። ርእሰ መምህሩ «ተማሪዋ 15 ዓመቷ ነው» ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ በራሱ ብዙ አይረዳም። የሚረዳው ልጅቷ አንደኛ ክፍል ስትገባ የተሞላው የመመዝገቢያ ቅጽ ነው፤ ቅጹን ማን ሞላው፣ ዕድሜውን ማን ተናገረ፣ ከምን ተነሥቶ ተናገረ የሚሉት ጥያቄዎችም አብረው መመለስ አለባቸው። ወላጆች ልጃቸው ቶሎ ትምህርት ቤት እንድትገባ ዕድሜ ይጨምራሉ፤ ዘግይታ ስትገባ ደግሞ ይቀንሳሉ። በዕድሜ ላይ የሚደረገው ይህ ዓይነት ማሻሻል ክፋት የሌለበት ቢሆንም፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የወንጀል ክስ ላይ ይወድቃል። በየዓመቱ የክፍል ስም ዝርዝር ላይ የሰፈረው ዕድሜ በተከታታይ አንድ ዓመት እየጨመረ ከሄደ እምነት ይጣልበታል፤ በአራተኛ ክፍል 10፣ በአምስተኛ ክፍል ደግሞ 10፣ በስድስተኛ ክፍል 13 ከሆነ ግን ማንም ሳይጠይቅ በግምት የሞላው መሆኑን ራሱ ይናገራል።

በእኛ አገር ብቻ የሚገጥም አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ እሱም የዘመን አቆጣጠር ነው። የጤና ተቋማትና የውጭ ድርጅቶች ሰነዶች ብዙ ጊዜ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይጻፋሉ፤ የትምህርት ቤትና የቤተ ክርስቲያን ሰነዶች በእኛው። በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የልደት ካርዷ ላይ ዲሴምበር 29 ቀን 2004 የሚል ልጅ አለች እንበል። ጸሐፊው በለመደው መንገድ 8 ዓመት ቀንሶ «የተወለደችው በ1996 ዓ.ም.» ብሎ ጻፈ። ነገር ግን ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ድርጊቱ የተፈጸመው ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሆነ፣ ልጅቷ በእውነተኛው ስሌት 18 ዓመት ሊሞላት ከአንድ ወር በላይ ይቀራት ነበር፤ በጸሐፊው ስሌት ግን 18 ሞልቷት ወደ 19 እየሄደች ነበር። በአንቀጽ 626 የቀረበ ክስ በአንዲት የመቀነስ ስሕተት ይወድቃል ማለት ነው። ቀኑና ወሩ ያልተጻፈበት፣ ዓመቱ ብቻ የሰፈረበት ሰነድ ሲሆን ደግሞ ስሕተቱ በየት በኩል እንደገባ መለየት እንኳ ያስቸግራል። ስለሆነም ክሱ የልደት ቀኑን፣ የድርጊቱን ቀንና የተጠቀመበትን አቆጣጠር ለይቶ መግለጽ አለበት፤ የሚቆጠረውም ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ እንጂ በክሱ ወይም በምስክርነቱ ቀን ያለው አይደለም።

ሰነድ በጠፋበት ጊዜ የሰው ምስክር ይቀርባል። የወለደች እናት ስለ ልጇ የልደት ቀን የምትሰጠው ቃል የዐይን ምስክር ቃል ነው፤ ልጅቷ ራሷ የምትናገረው ግን ከሌላ የሰማችውን ነው። እናት በቃሏ ቀን ላታስታውስ ትችላለች፤ ይህ ግን ቃሏን ከንቱ አያደርገውም። «ልጅሽ መቼ ተወለደች?» ተብሎ ብቻ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ ግምት ይሆናል። በ1997ቱ ምርጫ ወቅት ነፍሰ ጡር ነበርሽ ወይስ ወልደሽ ነበር፣ የሚሊኒየሙ በዓል ሲከበር ልጅቷ ትሄድ ነበር ወይ፣ ከታላቋና ከታናሿ ጋር ስንት ዓመት ይራራቃሉ፣ ጎረቤት በዚያ ሰሞን ማን ወለደ የሚሉት ጥያቄዎች ግን ቀኑን ከሁሉም አቅጣጫ ያጠብቡታል። የወንድሞቿና የእኅቶቿ ዕድሜ በተለይ ይጠቅማል፤ በጊዜው የተመዘገበ ታናሽ ወንድም ካላት የእሷን ዕድሜ ዝቅተኛ ወሰን እሱ ያስረዳል።

አሁን ወደ ሕክምናው ማስረጃ ልምጣ፤ ከሁሉም ይበልጥ የምንመካበትም በትክክል ያልተረዳነውም እሱ ነውና። የዕድሜ ምርመራ ሲጠየቅ በአብዛኛው የሚደረገው የግራ እጅ አንጓ ራጅ ነው። ሐኪሙ አጥንቶቹ የሚያድጉበት ለስላሳ ክፍል ምን ያህል እንደ ተጋጠመ አይቶ ከአንድ የምስል መጽሐፍ ጋር ያነጻጽረዋል። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት የግሩሊክና ፓይል አትላስ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1942 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ይኖሩ ከነበሩ፣ የተሻለ ኑሮ ከነበራቸው ነጭ ሕፃናት በተወሰዱ ምስሎች ነው። የአጥንት ዕድገትን የሚወስነው ግን የዘመን ብዛት ብቻ አይደለም። በምግብ እጥረትና በረጅም ሕመም ያደገች ልጅ አጥንቷ ከዕድሜዋ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚህ ጊዜ ራጁ ከእውነተኛው ያነሰ ዕድሜ ያሳያል፣ ተከሳሹም ይጎዳል። ፈጥና የጎለመሰች ልጅ ደግሞ ከዕድሜዋ በላይ ትታያለች፣ ተበዳይዋ ትጎዳለች። ጤናማ በሆኑ ልጆች መካከል እንኳ በአሥራዎቹ አጋማሽ ያለው የተለመደው ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም አንድ ዓመት ገደማ ነው፤ አብዛኛውን ልጅ የሚያካትት ግምት መስጠት ከተፈለገ ወደ ሁለት ዓመት ማስፋት ያስፈልጋል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በሰጠው ፍርድ የራጅ ግምት ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሁለት ዓመት ስሕተት ሊኖረው እንደሚችል ተቀብሏል።

ይህ ማለት «17 ዓመት» የሚል የራጅ ውጤት በ18ቱ ወሰን ላይ ብቻውን ምንም አይወስንም ማለት ነው። በሴት ልጅ የእጅ አንጓ አጥንቶች ከ18 ዓመት በፊት ሙሉ በሙሉ ሊጋጠሙ ስለሚችሉ፣ «አጥንቷ ዕድገቱን ጨርሷል» የሚለው ቃልም 18 ሞልቷታል ማለት አይደለም። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ የሚበቅልበት ዕድሜ ከሰው ሰው በብዙ ዓመታት ይለያያል። ራጁ ይበልጥ የሚጠቅመው ከወሰኖቹ ርቆ ላለ ጥያቄ ነው፤ ቤተሰቧ 12 ዓመቷ ነው የሚላትን ልጅ ተከሳሹ 19 ነች ቢል፣ ራጁ ከሁለቱ የትኛው ፈጽሞ የማይሆን እንደሆነ በአስተማማኝ ሁኔታ ይናገራል። ሰነድና የሰው ምስክር ያሳዩትን ዕድሜ ከሕክምናው ግምት ጋር አይጋጭም ብሎ ለማጠናከርም ያገለግላል።

ስለዚህ ፖሊስ ለሆስፒታል የሚጽፈው ደብዳቤ «ዕድሜዋ ተመርምሮ ይገለጽልን» ብቻ ባይል ይመረጣል። በምን ዘዴ እንደ ተመረመረ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰኑ ስንት እንደሆነ፣ የልጅቷ የምግብና የጤና ሁኔታ ታሳቢ መደረጉን ሐኪሙ እንዲገልጽ መጠየቅ አለበት። አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ወረቀት ሲመጣ ሐኪሙ በሙያ ምስክርነት ቀርቦ እንዲያብራራ ማድረግ የዐቃቤ ሕግም የተከላካይ ጠበቃም ተግባር ነው። ምርመራው ስንት ወር ቆይቶ እንደ ተደረገም መታየት አለበት፤ ከድርጊቱ አንድ ዓመት በኋላ የተነሣ ራጅ የሚያሳየው ራጁ የተነሣበትን ዕለት አጥንት እንጂ የድርጊቱን ዕለት አይደለም።

አንድ ልማድ ግን ፈጽሞ መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ እሱም የጡትና የብልት ፀጉር ዕድገትን አይቶ ዕድሜ መገመት ነው። የጉርምስና ደረጃዎችን የከፋፈለው ታነር ራሱ ከሮዘንብሉም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 በጻፈው ጽሑፍ፣ እነዚህ ደረጃዎች የዘመን ዕድሜን ለመገመት እንዳልተዘጋጁና በፍርድ ቤት ለዚህ ዓላማ መዋላቸው ስሕተት እንደሆነ ተቃውሟል። የተደፈረች ልጅን ምንም ለማያስረዳ ማስረጃ እንደገና ማራቆት ሌላ በደል ነው። ዳኛም ቢሆን ልጅቷን በችሎት አይቶ «ቁመናዋ አዋቂ ይመስላል» ብሎ መደምደም የለበትም፤ በዐይን የሚታይ ነገር ጥያቄ ለማንሣት ይበቃ ይሆናል፣ ፍርድ ለመስጠት ግን አይበቃም።

ተከሳሹ «18 የሞላት መስሎኝ ነበር» የሚል መከላከያ ሲያነሣስ? ይህ ዕድሜዋ ከመረጋገጡ የተለየ ጥያቄ ስለሆነ ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 80 በፍሬ ነገር ላይ መሳሳትን ይመለከታል፤ በእውነት የተሳሳተ ሰው እንዳመነው ይዳኛል። ነገር ግን አንቀጽ 58 ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «የሆነው ይሁን» ብሎ ድርጊቱን የፈጸመውንም አስቦ እንዳደረገ ይቆጥረዋል። ዩኒፎርም ለብሳ ከስምንተኛ ክፍል ስትወጣ የሚያውቃት ጎረቤት፣ ዕድሜዋን ሳይጠይቅ ቀርቶ ተሳስቼ ነው ሊል አይችልም። መርማሪው ተከሳሹ ልጅቷን ከየት ያውቃታል፣ ቤተሰቧን ያውቃል ወይ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ሰምቶ ነበር ወይ የሚሉትን ቀድሞ ካጣራ ይህ መከላከያ በጊዜው መልስ ያገኛል።

በመጨረሻ በየወረዳው የሚያጋጥመውን እና ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝን ጉዳይ ላንሣ። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ሽማግሌዎች ይገቡና ሁለቱ ቤተሰቦች ይታረቃሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ልጅቷን ለዚያው ሰው ለመዳር ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ ለፖሊስ 15 ዓመቷ ነው ያለው አባት በችሎት 19 ነው ይላል፤ ከእርቁ በኋላ የተሰጠ የልደት ወረቀትም ይዞ ይቀርባል። እንዲህ ባለው መዝገብ ላይ ዐቃቤ ሕግ በእጁ ያለው የአባትየው የቀድሞ ቃል ብቻ ከሆነ ልጅቷን የሚከራከርላት የለም። የክትባት ካርዱ፣ የመጀመሪያው የትምህርት ቤት ቅጽና የማዋለጃ መዝገቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፖሊስ እጅ ገብተው ከሆነ ግን ማንም ተስማምቶ ሊለውጣቸው አይችልም። ፍርድ ቤቱም እነዚህን ሰነዶች ከአዲሱ ወረቀት ጋር ሲያነጻጽር የትኛውን፣ በምን ምክንያት እንደ ተቀበለ በፍርዱ ላይ በዝርዝር መጻፍ አለበት። «ዕድሜዋ በማስረጃ ተረጋግጧል» የሚል አንድ መስመር ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሚመረምረው ነገር አይሰጠውም። 13 ዓመት አለመሙላቷ ሳይረጋገጥ 18 አለመሙላቷ ብቻ በተረጋገጠ ጊዜም፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 113 ተከሳሹን በቀለለው ድንጋጌ ጥፋተኛ ማለትን ስለሚፈቅድ፣ መዝገቡ በነፃ ተዘግቶ ልጅቷ ያለ ፍርድ የምትመለስበት ምክንያት የለም።